ኤንትሬው ለቁርጥራጭ ብረት ሳይሸጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በደንብ ተጽፏል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ ግልጽ አድርጋችሁ አስቀምጣችኋል። በውሳኔው ላይ ክርክር የለኝም። ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ሰው ንጹሕ አየር አይጠላም።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ግን የቆዩ መኪኖች በያሉበት ተለቅመው ቶሎ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሂዱ የሚል ሐሳብ አለ። እዚህ ላይ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። አሮጌ መኪና ለሱ ጭስና ዝገት ነው። ለኔና ለመሰሎቼ ግን ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከዚያ የምለምነው አንድ ጉዳይ አለኝ።

ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ትውልዴ ደብረ ሲና ነው። በረዳትነት የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ኤንትሬ የሚባል የጭነት መኪና ላይ ነው። ኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና የአሰብን መስመር ያዝኩ። በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ረጅሙን ጉዞ ተውኩት። ላንድሮቨር ይዤ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ያሳደጉኝ፣ ልጆቼንም ያሳደጉልኝ እነዚህ መኪኖች ናቸው።

ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3ን ነው። ወጣቶች ምናልባት በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ፊቱ ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ጢም የሚመስል ጌጥ አለው። ጣሊያኖች 682ን መሥራት የጀመሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ ይዘቱ ከ10 ሊትር በላይ ነው። ጉልበቱ ግን 200 ፈረስ አይሞላም። ዛሬ በየመንገዱ የሚያልፈን ሲኖትራክ 371 የፈረስ ጉልበት አለው። ልዩነቱን እዩት። ኤንትሬ ግን ያንን ሁሉ ጭነት ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዳገት ይወጣ ነበር። በእግሩ የሚሄድ ሰው አጠገቡ እየተራመደ ከሹፌሩ ጋር ያወራ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው መሪው ነው። በቀኝ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አገራችን በግራ ትነዳ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ይመስለዋል። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ እሱ እውነት ነው። ኤንትሬ ግን እዚያው ጣሊያን አገር፣ በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ መሪው በቀኝ ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው። የተራራ መንገድ ጠባብ ነው፤ ጠርዙ ገደል ነው። ሹፌሩ በቀኝ በኩል ሲቀመጥ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጎማው ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀ በገዛ ዓይኑ ያያል። መስታወት አያስፈልገውም፤ የሚገምተውም ነገር የለም።

ይህን ያሰበው ሰው ጣርማ በርን አያውቅም። ግን ለጣርማ በር የተሠራ ይመስል ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዋሻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው የፈለፈሉት፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ከሥራችሁ ይፋት ተዘርግቶ ይታያል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ምንም አይታይም። የገዛ ኮፈንህ ይሰወርብሃል። ያን ጊዜ ጋሼ፣ ማለትም አለቃዬ፣ መስኮቱን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ያወጣል። ዓይኑ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። ነጩን ድንጋይ እየተከተለ ያወርደናል። እጁ መሪው ላይ፣ ፊቱ ጉሙ ውስጥ።

የቀኝ መሪ አንድ ጣጣ ነበረው። መቅደም አይቻልም። ከፊት ሌላ መኪና ካለ ሹፌሩ ከግራ የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ የግራው ዓይን ረዳቱ ነበር። እኔ በግራ መስኮት ወጥቼ አያለሁ።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው፣ ይለፉ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ባዶ ነው!»

ወይም ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይቆዩ! ይቆዩ! አውቶቡስ!»

እስቲ አስቡት። ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነው። የሹፌሩ ሕይወት፣ የጭነቱ ዋጋ፣ ከፊት የሚመጡት መንገደኞች ነፍስ በሱ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ አንድ ቀን አርማንያ ላይ ሻይ እየጠጣን፣ «አንተ ልጅ፣ አላየሁም ማለት አያሳፍርም፤ ሳያዩ አየሁ ማለት ነው የሚገድለን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊነት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም።

ማርሹስ? ያሁኑ ልጆች ፍሪሲዮን አንዴ ይረግጣሉ፣ ማርሽ ይገባል፣ አለቀ። አውቶማቲክ ከሆነማ እሱም የለም። የያኔው ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስማማ ሲንክሮ አልነበረውም። ከቀላል ወደ ከባድ ስትለውጥ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ማርሹን ባዶ ታደርጋለህ፣ ትለቃለህ። ነዳጅ ትሰጠዋለህ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልክ በሰዓቱ እንደገና ትረግጥና ታስገባለህ። ፍጥነታቸው የተስማማ ጥርሶች ያለ ጩኸት ይገጥማሉ። ካልተስማሙ ግን ካምቢዮው ይጮሃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ አልገባም ማለት ደግሞ መኪናው ባዶ ማርሽ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ባዶ ማርሽ ምን ማለት እንደሆነ የደብረ ሲና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጋሼ ዋሻው አፍ ላይ ገና ሳይወርድ ከባድ ማርሽ ያስገባ ነበር። እስከ ታች ድረስ አይነካውም። በሞተር ፍሬን ነው የሚወርደው። እግር ፍሬኑን የሚያስቀምጠው ለክፉ ቀን ነው።

ለክፉ ቀን ደግሞ ታኮ ነበረ። ከሻንሲው ሥር የሚንጠለጠል፣ ወፍራም የወይራ እንጨት። ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ረዳቱ ከመቆሙ በፊት ዘሎ ይወርዳል። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው የታኮውን ጠርዝ በእጁ ያውቀዋል። ጎማው የሚያርፍበት በኩል በግፊት ብዛት ይለሰልሳል፤ ቅባት የጠጣ ቆዳ ነው የሚመስለው። ሌላው ጫፍ እንደተፈለጠ ሻካራ ነው። ጨለማ ውስጥ የትኛው ወገን ወደ ጎማው እንደሚዞር የምትለየው በመዳፍህ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ሌላም ነገር አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ናፍጣ ሞተር በዚያ ብርድ በቀላሉ አይነሣም። ሹፌሮች ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥተው ከዘይት ቋቱ ሥር ፍም ያደርጉ ነበር። ከተነሣ በኋላም ራዲያተሩ ላይ ልብስ ይደረጋል። ሌላው ሸራ ያደርጋል። የኛው ኤንትሬ ግን የመንዝ ባና ነበረው። ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ የጋሼ እናት የሰጡት። ሸኖ እስኪደርስ ይሸፈናል፤ ሞተሩ ሙቀት ሲይዝ እወርድና እገፈዋለሁ። መኪናው የሚለብሰውን ባና ማታ እኔ እለብሰዋለሁ። የናፍጣና የበግ ሽታ ያለው ባና። ዛሬም ሁለቱ ሽታዎች ባንድ ላይ ቢመጡብኝ የት እንዳለሁ ለአፍታ ይጠፋኛል።

ስለ ትናንሾቹ መኪኖችም ትንሽ ልበል። ነገርን ነገር ያነሣዋልና።

እኛ ሰፈር አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቮልስ ነበራቸው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ሻንጣ የሚጫነው ከፊት ነው። ልጆች ኮፈኑ ሲከፈት ለማየት ተሰልፈን እንቆም ነበር። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ውኃ የለውም። ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው ጣርማ በርን ሲወጡ ሌሎቹ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው፣ ራዲያተራቸው እየፈላ፣ ረዳቶቻቸው በጀሪካን ውኃ ፍለጋ ወንዝ ወርደው ነው የሚገኙት። ድሬሰሩ እጃቸውን አውጥተው ሰላምታ እየሰጡ ያልፋሉ።

ያቺ ቮልስ የነዳጅ መለኪያም አልነበራትም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1961 ድረስ የተሠሩት ብዙዎቹ የላቸውም ነበር። ሞተሩ ማሳል ሲጀምር ነዳጁ ማለቁን ታውቃለህ። ያን ጊዜ እግርህ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ታዞራለህ። መጠባበቂያው ይከፈታል። እሱ እስኪያልቅ ቤትህ መግባት የራስህ ጉዳይ ነው። ኋላ የመጡት ቮልሶች ደግሞ የፊት መስታወት የሚያጥቡት በቅያሪ ጎማው አየር ነው። አዎ፣ በቅያሪ ጎማው። ከጎማው ወደ ውኃ ዕቃው ቀጭን ቱቦ ይሄዳል። አየሩ ውኃውን ገፍቶ መስታወቱ ላይ ይረጨዋል። ሞተር የለ፣ ፊውዝ የለ፣ የሚቃጠል ነገር የለ። ጎማው ከሚፈለገው በታች እንዳይወርድ አየሩን የምትቆርጥ ቫልቭም አለችው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ እጁ ይባረክ።

ፔጆ 404ን ደግሞ እነማን ነበሩ የሚይዙት? ነጋዴዎች፣ የአውራጃ ሹማምንት። ማርሹ መሪው ላይ ነው። የፊት ወንበሩ ስለማይከፈል ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። የምሥራቅ አፍሪካውን የሳፋሪ ውድድር በ1960ዎቹ፣ በፈረንጅ፣ 4 ጊዜ አሸንፏል። ለኛ መንገድ ለምን እንደተስማማ ከዚህ ይገባችኋል። ባትሪው ሲደክም ከፊት በኩል ባለችው ቀዳዳ ማኖቬላ፣ ሞተሩን በእጅ አዙረው የሚያስነሡበት ብረት፣ ይገባል። ላዳም ማኖቬላ ነበረው። በማኖቬላ ያላስነሣ ሰው አንድ ነገር አያውቅም፦ አውራ ጣት ከአራቱ ጣቶች ጋር ባንድ ወገን ነው የሚሆነው። ብረቱን ጨብጠህ አውራ ጣትህን በወዲያኛው በኩል ካዞርከው፣ ሞተሩ መልሶ ሲመታ ጣትህን ይሰብረዋል። ከታች ወደ ላይ ትስበዋለህ፣ ወደ ታች አትጫነውም። ጋራዥ ውስጥ ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር። ዛሬ ለማን ይነገራል?

እነዚያን በሩ ላይ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮቶችስ ታስታውሷቸዋላችሁ? ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሙቀቱ ይቀበልሃል። ትንሿን መስኮት ገልበጥ ታደርጋትና መንገዱ ራሱ ነፋስ ይሰጥሃል። አቧራው አይገባም፤ ነፋሱ ፊትህ ላይ ይወርዳል። የረጅምና አጭር መብራት መለወጫዋም በግራ እግር ነበረች፤ ወለሉ ላይ። ጉም ውስጥ፣ ኩርባ ላይ፣ ሁለት እጅህን ከመሪው ሳታነሣ መብራት ትቀይራለህ። ሠሪዎቹ ለምን እንደተዉአት እስካሁን አልገባኝም።

ላንድሮቨርን ለብቻው አድርጌዋለሁ፤ የመጨረሻ እንጀራዬ እሱ ነበርና።

ከጣርማ በር በመዘዞ አድርጎ በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ የሚገባው መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የመንዝ ሰው ይመስክር። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የጅሩ መረሬ አለ። እነዋሪ አካባቢ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጎማ አይሽከረከርም፤ ጭቃው ይዞ ይሸከመዋል። በዚያ ላይ የሚሄድ ነገር ላንድሮቨር ነበር። ካምቢዮው አጠገብ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች አሉ። አንዷ ራሷ ቢጫ ነው፤ ሌላዋ ቀይ። ቢጫዋን ወደ ታች ስትጫናት ጠቅ ብላ ትገባለች፤ የፊት ጎማዎቹ መሥራት ይጀምራሉ። ቀይዋን ወደ ኋላ ስትስባት ከባዱ ማርሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ነገር ጥቂት ነው። ከኔ ጋር የተመላለሱ እናቶች ሳይቀሩ ቀለሞቹን ያውቁ ነበር። ጭቃው ሲጠና ከኋላ አንዷ፣ «ልጄ፣ ቀይዋን አድርጋት እንጂ!» ትላለች። መንገደኛው ሁሉ መኪናውን ያውቀዋል። አብሮ ይገፋል፣ አብሮ ድንጋይ ያነጥፋል፣ ሲወጣ አብሮ እልል ይላል።

የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የነዳጅ ጋናቸው ከመቀመጫ ሥር ነው። ነዳጅ ሲቀዳ ከላይ የተቀመጠው ሰው ይነሣል። ባለሥልጣንም ቢሆን ይነሣል፤ ቄስም ቢሆኑ ይነሣሉ። የፊት መስታወቱ ወደ ኮፈኑ ይተኛል። ከመስታወቱ ሥር ሁለት መዝጊያዎች አሉ፤ ስትከፍታቸው አየር ቀጥታ ደረትህ ላይ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት ስላጠረ ነው እንደዚያ የሠሩት። ለኛ ግን በጀን። ዝገት የለም። ድንጋይ ቢጎደጉደው በጡጫ ከውስጥ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

አሁን ያ አሉሚኒየም ጠላት ሆኖበታል። አቅላጮች ይፈልጉታል። መሐል ሜዳ ላይ እኔ ራሴ የማውቃቸው ላንድሮቨሮች በመዶሻ ተጨፍልቀው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው፣ በኪሎ ተመዝነው ሄደዋል። ድስት ሆነው ይሆናል። ድስት የሚያስፈልገው ቤት ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ እንኳ አልቀረም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጽሑፌን የሚያነቡ ወጣቶች «የድሮ ሁሉ ወርቅ ነበር ሊለን ነው» እንዳይሉኝ። እንዲህ አላልኩም። እነዚያ መኪኖች ቀበቶ አልነበራቸውም። ፍሬናቸው ግሎ እምቢ ያለባቸው ነበሩ። ጣርማ በር ላይ የቀሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ገደሉን ባለፍኩ ቁጥር አማትባለሁ። አዲስ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ሰው የሚያተርፍ ከሆነ እሰየው ነው። የልጅ ልጄ በኤሌክትሪክ መኪና ቢሄድልኝ ደስ ይለኛል።

የኔ ነገር ሌላ ነው። በያንዳንዷ የድሮ መኪና ዕንግዳ ነገር ውስጥ የሆነ ሰው ሐሳብ አለ። የቀኝ መሪው ተራራን ካሰበ ሰው ነው የመጣው። የቮልሷ ጎማ ፊውዝ ከጠላ ሰው ነው የመጣው። ቢጫና ቀዩ ዘንግ ጭቃ ያየ ሰው ሥራ ነው። ያ ሐሳብ ደግሞ አይታይም ነበር ማለት አይቻልም፤ ዓይናችን ሥር ነበር። ኮፈን ከፍተህ ታየዋለህ፤ በእጅህ ትነካዋለህ። ማንበብ የማይችል ረዳት ሞተር ፈቶ ይገጥም የነበረው ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ የገዛት መኪና ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራችና አልሄድም አለች። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ኮምፒውተር ሰክተው አዩና ዕቃው ከውጭ መምጣት አለበት አሉን። ቆመች። ጋራዡን አልወቅስም፤ የሚያዩት የለም። ኮፈኑን ከፍቼ ብመለከት እኔም የማየው ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው። ሥራዬን የማውቅ ሰው ነኝ። ግን እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንዳሰበ የሚነግረኝ ነገር አላገኘሁም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የት እንደሆነ ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ጽፌያለሁ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ኤንትሬ ቆሟል። ባለቤቱ የአሰብ መስመር ባልደረባዬ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አርፏል። ሞተሩ አለ። ካምቢዮው አለ። መሪው በቀኝ፣ እንደነበረ ነው። ጎማዎቹ ግን ሁሉም ሞተዋል። ስፖንዳው በስብሷል። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው አልጋ ላይ ዶሮ ትፈለፍላለች። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሁለቴ መጥቶ ዋጋ ነግሯል። በጋዝ ቆርጦ እንደሚወስደው ነው ያለው፤ እንዲሁ እንዳለ የሚጭንበት የለውም።

ሚስቱን ሄጄ አነጋገርኳቸው። በረንዳ ላይ ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ።

«እትዬ፣ ሸጡት?» አልኳቸው።

«አልሸጥኩትም። ልጆቹ ግን ግቢው ይለቀቅ እያሉኝ ነው። ቤት ሊሠሩ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ወንድሜ፣ እኔማ እሱ የተቀመጠበትን ወንበር በእሳት ሲቆርጡት ማየት አልወድም። የሚያነሣው ሰው ከመጣ ነጋዴው በሰጠኝ ዋጋ እለቅለታለሁ። እስከ ፋሲካ ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ይህ ነው ያለው። ጊዜው አጭር ነው።

የከተማችን አስተዳደር፣ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ አቅም ያላቸው የትራንስፖርት ማኅበራት ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት። መሐል ከተማ አጥር ተሠርቶለት ቀለም ተቀብቶ ቢቆም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቢነሣ ነው። ከተማችን የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች አሏት። እነሱ ሞተሩን ፈትተው ቢገጥሙት ከመጽሐፍ የማያገኙትን ያገኛሉ። ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ ምን እንደሆነ እኔ እቀመጥና አሳያቸዋለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። ከኔ ጋር የሚመጡ ሁለት የቀድሞ ሹፌሮችና አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። መካኒኩ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ካምቢዮ ሲዞር የቱ ኩሽኔታ እንደተበላ ይለያል። አሁን ካልጠየቅናቸው መቼ ነው የምንጠይቃቸው?

ጋዜጣችሁንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የአንባቢ ፎቶ የምታወጡበት ገጽ አላችሁ። ለተወሰኑ ሳምንታት ለድሮ መኪኖች ብትሰጡትስ? ሰው አልበሙን ይገልጣል። አባቱ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የጭነት መኪና ላይ ተደግፎ የተነሣው ፎቶ ያለው አለ። የመጀመሪያዋን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያስታወሰ ይኖራል፤ ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ጋር የተጨቃጨቀ ይኖራል። ከፎቶው ጋር ማን እንደነዳት፣ በየት መስመር እንደሄደች፣ ምን ዓይነት ዓመል እንደነበራት ይጻፍ። የመኪና ዓመል የሚያውቀው ሹፌሯ ብቻ ነው፤ ሊብሬዋ ላይ አይጻፍም።

ኤንትሬውን ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ስልኬን ከዝግጅት ክፍሉ ይውሰድ። ጠዋት ጠዋት ቤት አለሁ። የሚመጣው ሰው ጎማ የሚያመጣ ከሆነ ልኩን እነግረዋለሁ፤ የሚጎትት መኪና ያለው ከሆነ ደግሞ በየትኛው በር እንደሚወጣ አሳየዋለሁ። አጥሩ አንድ በኩል መፍረስ አለበት፤ እትዬ እሱንም ፈቅደዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ